የዚያ ደጅ መጋረጃ

ከቤታችን ሥር አንድ አናጢ ሱቅ ከፍቷል። እዚህ ጅቡቲ፣ ጋቦዴ በሚባለው ሰፈራችን፣ እንጨት ብርቅ ነው፤ በሩም መስኮቱም ብረት ነው፤ ብረቱንም የባሕሩ ጨው ይበላዋል። ሰውዬው ከመርከብ የወረደ የዕቃ ሣጥን ይገዛና ፈታትቶ አልጋ ይሠራበታል። የእኛ ክሊማ ደግሞ፣ ማለት አየር ማቀዝቀዣችን፣ ውኃውን የሚያንጠባጥበው እሱ በላገው እንጨት ላይ ነው። በቀደም ሊቆጣኝ ይሆናል ብዬ ፈርቼ ከበረንዳው ቁልቁል ስመለከት፣ የራሰ እንጨት ሽታ ከሙቀቱ ጋር ሽቅብ መጣ። አናጢው አልተቆጣም፤ እንዲያውም እጁን አንሥቶ ሰላም አለኝ። እኔ ግን ሰላምታውን መመለስ አቃተኝ። ሽታውን የት እንደማውቀው ጠፍቶብኝ የበረንዳውን ብረት ይዤ ቀረሁ። ቆይቶ መጣልኝ። የጃፓን አገሩ ጠበል ሽታ ነው።

ጠበል ስል ለጊዜው ዝም ብላችሁ ተከተሉኝ። ነገሩ ለእኔም የተምታታ ነው፤ ትምህርቴም አራተኛ ክፍል ላይ የቀረ ስለሆነ አሳምሬ አላስተካክለውም። ሽታው የመጣብኝ ልጄ ብፅዓት ለሥልጠና ቶኪዮ በሄደችበት ሰሞን ነው። ወደብ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ እዚያ ያሉት ስሟ ሲከብዳቸው ቢሳ ይሏታል። በሻንጣዋ ውስጥ፣ ከልብሷ ሥር፣ እኔ የሰፋሁት ቀይ የከፋይ መጋረጃ ነበር። ብፅዓት ማለት ስለት ማለት ነው። ልጂቱ የስለት ልጅ ናት፤ ስለቱ ግን እስከዚያች ቀን አልገባም ነበር። ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። ያልገባ ስለት ይዛ ወደ ትዳር እንዳትገባብኝ ነበር ጭንቀቴ ሁሉ። በልጅነቷ ትኩሳት በያዛት ቁጥር፣ ትምህርት ቤት ወድቃ ክንዷ በተሰበረ ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚታየኝ ያ ያላስገባሁት መጋረጃ ነበር።

ስለቱን በተሳልኩበት ዘመን የምሠራው ሄሮን የሚባለው ሰፈር ነበር፣ ባሕሩ ዳር፣ ፈረንሳዮች ከሠሯቸው ባለ ሰፊ በረንዳ ቤቶች በአንዱ። ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ፣ እዚሁ አግብቼ፣ ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር እሱ መንገድ ላይ፣ እኔ ሰው ቤት እናድር ነበር። ባጌት በሃያ ፍራንክ ነበር። ጠዋት ትኩሱን ዳቦ በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ፣ ጥጉ ላይ ካለችው የካሴት ሱቅ አንዲት ሱማሌ እንደ ማልቀስም እንደ መሣቅም አድርጋ ስትዘፍን እሰማለሁ። ቃሉን አላውቀውም፤ ዜማውን ግን ቀኑን ሙሉ ሳንጎራጉረው እውላለሁ። ሴቶቹ ድሪዕ የሚሉትን ስስ ሰፊ ቀሚስ ለብሰው ሲያልፉ ነፋሱ እንደ ጀልባ ሸራ ይነፋቸዋል። እኔ ካርቲዬ አንድ ከሚባለው ሰፈር ገበያ የገዛሁት ሰማያዊ የፕላስቲክ ጫማ ነበረኝ፤ በቀትር አስፋልቱ ላይ እየተጣበቀ ጠብ ጠብ ይል ነበር። አሁን የካሴት ሱቋ የስልክ ካርድ መሸጫ ሆናለች። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ያንን ዘፈን ይጠብቃል።

አሠሪዎቼ ጃፓኖች ነበሩ። እሱ ለባሕር ሥራ የመጣ መሐንዲስ፣ እሷ ማዳም ኬኮ፣ ልጃቸው ትንሿ ዩሚ። ከማዳም ጋር የምንግባባው በወጥ ቤት ፈረንሳይኛ ነበር፤ የእሷም ስባሪ፣ የእኔም ስባሪ፣ ሲገጣጠም አንድ ነገር ይሆናል። ማዳም ሁለተኛ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ስትሄድ ዩሚን እንድይዝላት እኔንም ወሰደችኝ። በአውሮፕላን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቴ ሲሸኘኝ፣ «ብቻ እዚያ እንዳትቀሪ፤ ለእኔም ዘመድ የለኝ» አለኝ። በጨዋታ ቢመስልም የልቡን ነበር። ከተጋባን ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ የለንም። እናቱ ድሬዳዋ ተቀምጠው፣ «የጨው አገር ሄዳ ጨው ሆነች» ይሉኝ እንደነበር ሰው ነግሮኛል። እኔም ዩሚን በጀርባዬ አዝዬ ሳስተኛት፣ ከተኛች በኋላ እንኳ አላወርዳትም ነበር።

የማዳም እናት ቤት አሳኩሳ የሚባል አሮጌ ሰፈር ነበር። አንድ አርብ ጠዋት ማዳም፣ ዛሬ ሥራ የለሽም፣ ውጪና ከተማውን እዪ አለችኝ። ብቻዬን? አልኳት። ብቻሽን አለች። የቤቱን አድራሻ ጽፋ በካፖርቴ ገበር ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካችልኝ። ካፖርቱ የእናቷ ነው፤ ግራጫ፣ እጅጌው ለእኔ አጭር። እኔም ከውስጥ ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጠመጠምኩ። እንደ ጠፋ ልጅ አድራሻ ተለጥፎብኝ ወጣሁ። አምላኬ፣ መኪናው ሁሉ በተቃራኒው በኩል ነው የሚሄደው! ለመሻገር ሰው እስኪሻገር ቆሜ፣ ከሰው መሐል ገብቼ ነበር የምሻገረው።

ማዳም የመግቢያ ትኬት የገዛችልኝ አንድ ትልቅ ሙዚየም ነበር። የቀደሙ ሰዎች ሰይፍ፣ ልብስ፣ ብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠ የሸክላ ገንቦ። ሰው ሁሉ ከገንቦው ፊት ቆሞ ዝም ይላል። እኔም ቆሜ ዝም አልኩ፤ ምን እንደሚታይ ግን አልገባኝም፤ አፉ የተሸረፈ ነበር። አንድ ምስል ደግሞ እጁ ብዙ ነው፤ ከጀርባው እንደ ፀሐይ ጨረር እጅ ብቻ ወጥቶለታል። እኔ ያሰብኩት፣ ይህን ያህል እጅ ያለው ሰው የአንድ ቤት ካውያ በአንድ ጠዋት ይጨርሳል ብዬ ነው። ወርቅ የተቀባ ተጣጣፊ መከለያ ላይ የሣሏቸው ወፎች ግን ልቤን ወሰዱት። ረጃጅም እግር፣ ነጭ። እዚህ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ የሚቆሙትን ይመስላሉ። አገሬ ያለሁ መሰለኝ፤ የትኛው አገሬ እንደሆነ ግን አላውቅም።

ከዚያ ሰው ሁሉ ወደሚጎርፍበት ወደ ትልቁ ቀይ ቤተ መቅደስ ሄድኩ። በሩ ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ግዙፋን ቆመዋል። ቅዱስ ሚካኤልና ቅዱስ ገብርኤል ናቸው ብዬ ላማትብ እጄን ሳነሣ ፊታቸውን አየሁት፤ ቁጣቸው የመልአክ አልመሰለኝም። እጄን መለስኩ። ውስጥ ገብቼ ቀና ብል ጣሪያው ላይ ዘንዶ ተሥሏል። ዘንዶ ካለ ጊዮርጊስ አለ ብዬ ፈለግሁት። በስተቀኝ ፈለግሁ፣ በስተግራ ፈለግሁ፤ ፈረስ የለም፣ ጦር የለም። ዘንዶውን የሚወጋው የለም። ሰዉ ግን ከሥሩ ቆሞ በሰላም ይጸልያል። ነጠላዬን አጥብቄ በመጣሁበት ወጣሁ።

ርቦኝ ስለነበር አንድ ትንሽ ምግብ ቤት ገባሁ። አርብ ነው፤ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም ብዬ በእጄም በፈረንሳይኛም አስረዳሁ። ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ መረቅ ውስጥ ያለ ረጅም ፓስታ የሚመስል ነገር አመጣ፤ ላዩ ላይ ግን ነጭ አይብ ቆራርጦ ጣል አድርጎበታል። አይቡን አንድ በአንድ እያነሣሁ ሳህኑ ዳር ደረደርኩ። ሰውየው አዝኖ ያየኛል። ግማሹን ትቼ፣ አስቀይሜው፣ እየራበኝ ወጣሁ። እንግዲህ ያ አይብ ቶፉ ነበር፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ ንጹሕ የጾም ምግብ። ይህንን የነገረችኝ አሁን፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ልጄ ናት።

ስመለስ ጠፋሁ። የኮምጣጤ ጎመን በበርሜል የሚሸጥበት ሱቅ አለፍኩ፤ ሽታው የደረሰ ሊጥ ሽታ ነው። ከሱቁ ማዶ ረጅም የጭስ ማውጫ ቆሟል፤ ከጭስ ማውጫው ሥር ጣሪያው እንደ አክሊል የተደፋ አንድ የእንጨት ቤት አለ። ሴቶች ሳፋና ጠርሙስ ይዘው፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ወደዚያ ይሄዳሉ። ቆሜ አየሁ። በሩ ሁለት ነው፤ ወንዶች በአንዱ፣ ሴቶች በአንዱ ይገባሉ። በሁለቱም ላይ መጋረጃ ተሰቅሏል። ሁሉም ጫማቸውን ደጅ ላይ ያወልቃሉ። እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ወንድ በወንድ በር፣ ሴት በሴት በር፣ ጫማ ወልቆ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ዕቃ ተይዞ ወደ ውኃ የሚኬደው የት ነው? ማዳም በአገራችን ክርስቲያኖች አሉ ብላኝም ነበር። መስቀል አላየሁም፤ ግን አገሩ ሌላ ነው፣ መስቀሉንም ሌላ ቦታ ያደርጉት ይሆናል አልኩ። ጫማዬን አውልቄ መቃኑን ተሳለምኩ። ያ ሽታ ያኔ ነው የገባብኝ፤ የራሰ እንጨት፣ ሙቅ።

ከመጋረጃው ወዲያ ከፍ ያለ መቀመጫ ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ሰዉ ሁሉ ሳንቲም ሲሰጣት አይቼ እኔም ለሙዳየ ምጽዋት ብዬ ሰጠሁ። ሴትየዋ መልስ ሰጠችኝ። ምጽዋት መልስ አለው? መልሼ ገፋሁላት። እሷም መልሳ ገፋችልኝ። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ሣቁ፤ አሣሣቃቸው ግን ክፋት አልነበረበትም።

ውስጡን እንዴት ልንገራችሁ። እንፋሎት ነው። ሴቶች ትንንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይታጠባሉ፤ አሮጊት አለ፣ ሕፃን አለ፤ ከውኃው ድምፅ በቀር ጩኸት የለም። ከፊታቸው ባለው ግድግዳ ላይ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ሥዕል አለ፤ አናቱ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ሥሩ ሰማያዊ ውኃ። ልጅ ሳለሁ መርጌታ፣ ደብር ማለት ተራራ ማለት ነው ብለው ያስተማሩን ትዝ አለኝና ለተራራው እጅ ነሣሁ። ራቁቴን መሆን አፍሬ ከነውስጥ ልብሴ ጥግ ስቆም አንዲት ባልቴት ተነሥተው እጄን ያዙኝ። በዓይናቸው ልብሱን አውልቂ አሉኝ፤ አወለቅሁ። አስቀመጡኝና ጀርባዬን ያሹኝ ጀመር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጀርባዬን ያጠበኝ ሰው አልነበረም። ከየት እንደመጣ ሳላውቅ እንባዬ መጣ። ባልቴቲቱ እንባው እንዳይታይብኝ ይመስለኛል ውኃ ከራሴ ላይ አፈሰሱብኝ። ሙቅ ነው። ያኔ ነው በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ የተናገርኩት፤ «እመቤቴ፣ ልጅ ከሰጠሽኝ ለዚህ ደጅ መጋረጃ አገባለሁ።» የሴቶቹ በር መጋረጃ ጫፉ ተቀዶ፣ ቀለሙ ለቆ አይቼው ስለነበር ነው። ባልቴቲቱ፣ «ሃይ፣ ሃይ» አሉኝ። በእነሱ ቋንቋ ሃይ ማለት እሺ ነው። በእኛ ደግሞ ዝም ማሰኛ ነው። እሺ አሉኝ ወይስ ዝም በይ አሉኝ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ማታ ማዳም ጸጉሬ እንደራሰ አይታ የት ዋልሽ አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን፣ ውኃ፣ አልኳት በፈረንሳይኛ። ትንሽ አሰበችና እስኪደክማት ሣቀች፤ ከዚያ ፎጣ አምጥታ ጸጉሬን አደረቀችልኝ። ደስ ብሏት ነው ብዬ እኔም ሣቅሁ። በዓመቱ ብፅዓት ተወለደች። ማዳምም ብዙ ሳትቆይ ከጅቡቲ ሄደች፤ ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም።

ስለቱን ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸው ነበር። ለእመቤታችን ከሆነ የተሳልሽው እዚሁ ቤተ ክርስቲያናችን አስገቢ፣ እሷ አንድ ናት አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን እኔ ለዚህ ደጅ ብያለሁ። ቃሉ ከአፌ ወጥቷል። ደጁ ደግሞ ቶኪዮ ነው።

ብፅዓት ሥልጠናዋ ውስጥ አንድ የዕረፍት ቀን አገኘች። ያን ቀን ጠዋት እኔና ባለቤቴ ሳሎን ተቀምጠን ስልኩን መሐላችን አደረግን። እሱ አሁን ጡረታ ወጥቷል፤ ጫቱን ከቀትር በፊት መጀመር ከተወ ቆይቷል፣ ቀልዱን ግን አልተወም። እሷ በየሄደችበት ፎቶ ትልካለች፤ እኔ ፎቶውን ትቼ ካፖርት ለብሰሻል ወይ እላለሁ። እዚህ ገና ጠዋት ነው፤ እዚያ ቀኑ ተጋምሷል። ሙዚየም ገባች፤ ወፎቹን አገኘቻቸው፤ ያንኑ መከለያ ይሁን ሌላ እኔ መለየት አልቻልኩም። ቶፉ በላች፤ ያኔ ነው ስለ አይቡ የነገረችኝ። ዘንዶውን ከነጣሪያው ላከችልን። ባለቤቴ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ፣ «ይሄንን ነው የፈራሽው? ፕላቶ ዱ ሰርፓን፣ የእባብ አምባ በሚሉት ሰፈር፣ ስንት ዓመት ስትመላለሺ ከእባቡ ስም ምን አገኘሽ?» አለኝ። የእኔ ልብ ግን ጭስ ማውጫው ጋ ነበር።

በኋላ ስትደውል ድምፅዋ ሌላ ነበር። የጎመን ሱቁን አግኝታዋለች፤ ባለሱቁን በስልኳ እያስተረጎመች፣ ወንድና ሴት በየበሩ የሚገባበት፣ ጠበል ያለበት አሮጌ ቤተ ክርስቲያን የት ነው ብላ ጠይቃዋለች። ሰውየው አልገባውም። የጭስ ማውጫውን ስታሳየው ገባው። ፎቶውን ላከችልኝ። ጣሪያው እንደ አክሊል፣ በሩ ሁለት። እሱ ነው አልኩ።

«እማዬ» አለች፣ «ቁጭ ብለሻል?»

«ተቀምጫለሁ። ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። ይሄ ቤት እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ነው። ድሮ ቤታቸው ውስጥ መታጠቢያ ያልነበራቸው ሰዎች የሚታጠቡበት። በሩ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ ገንዘብ ተቀባይ ናት።»

ፎቶውን መልሼ አየሁት። ባለቤቴ ግን ሶፋው ላይ ተንከባለለ። «መታጠቢያ ቤት ተስለሽ ነው ልጅ የወለድሽልኝ?» እያለ እንባው እስኪወርድ ሣቀ። የሳንቲሙ መልስ ትዝ አለኝ። የማዳም ሣቅ ትዝ አለኝ። ሁሉም ነገር በአንዴ ዞረብኝ። ያ ተራራ ደብር ካልሆነ፣ ያ ውኃ ጠበል ካልሆነ፣ እኔ እጅ የነሣሁት ለምንድን ነው? የሰማኝስ ማን ነው? ልጂቱ ግን ይኸው አለች፤ በስልኩ ውስጥ ትተነፍሳለች።

«ምን ላድርግ?» አለች ብፅዓት። «ባለቤቲቱ ከፊቴ ቆመዋል። መጋረጃው ላይ መስቀል ጠልፈሽበታል። መታጠቢያ ቤት ደጅ ላይ መስቀል ይሰቀላል እንዴ? ይዤው ልመለስ? አባ እዚያው አስገቢ ብለውሽ የለ።»

ባለቤቴ ሣቁን አቆመ። እሱም የእኔን አፍ ያይ ጀመር። እኔ ከነገር ሁሉ የምፈራው ኃጢአትን ነው፤ መስቀሉን ብሰጥ ድፍረት እንዳይሆን፣ ባልሰጥ ደግሞ ስለቱ ልጄ ላይ እንዳይቀር። ወርቃማውን ዘርፍ አንድ በአንድ የያያዝኩት፣ መስቀሉን ዓይኔ እስኪደክም የጠለፍኩት እኔ ነኝ። አናጢው ከታች መላጊያውን ይስባል፣ ያ ሽታ ሽቅብ ይመጣል፤ ባልቴቲቱ ጀርባዬን ሲያሹኝ ደግሞ ትዝ ይለኛል። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፣ ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም።

«የተሳልኩት ለደጁ ነው» አልኳት። «ለደጁ ስጪ።»

ስልኩን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ አሳየችን። ባለቤቲቱ ሽበታም ሴት ናቸው፤ የዚያች ያኔ ከፍ ብላ ተቀምጣ የነበረችው ሴት ልጅ ይሁኑ፣ ራሷ ይሁኑ አላወቅሁም። መጋረጃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ብፅዓት በስልኳ እያስተረጎመች ነገሩን ስታስረዳቸው ቆይተው መጀመሪያ ግንባራቸውን ቋጠሩ፣ ከዚያ እሷን ከእግር እስከ ራሷ አዩአት፣ ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወዲያው በርጩማ አምጥተው ወጡና አሮጌውን አውርደው የእኔን ሰቀሉት። ረዘመ። እኔ እንደ ቤተ መቅደስ መጋረጃ እስከ መሬት አድርጌ ነበር የሰፋሁት፤ የእነሱ ግን እስከ ደረት ነው። አጥፈው፣ በመርፌ ቁልፍ አያይዘው አሳጠሩት። እንዲያም ሆኖ ዝቅ አለ። አንዲት አሮጊት ሳፋዋን ይዛ መጣች፤ መጋረጃውን አየች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ራሷ ከፋዩን እየነካ ገባች። ቀጥሎ የመጣችውም ጎንበስ አለች። ልክ እንደሚሳለም ሰው።

ብፅዓት፣ ግቢና ታጠቢ እያሉኝ ነው አለች። ስልኩ ተዘጋ። የማታውቀው አገር፣ የማታውቃቸው ሰዎች፣ ሙቅ ውኃ፣ ውጭው ብርድ። ሳሎኑን ዞርኩት። ባለቤቴ ተይ ተቀመጪ አለኝ፤ እኔ ዞርኩ። መልሳ ስትደውል ድምፅዋ የሕፃንነቷን ድምፅ መስሎ ነበር።

«እማዬ፣ አንዲት ሴትዮ ጀርባዬን አሹኝ።»

«የምታውቂያቸው ናቸው?»

«ማንን አውቃለሁ እዚህ?»

«ምን አሉሽ?»

«ምንም። ሃይ፣ ሃይ።»

«ጸጉርሽን አድርቂ» አልኳት። «ነፋስ እንዳይመታሽ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። ሊቀልድብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ ሰው፣ «እሺ፤ እና ስለቱን የተቀበለው ማን ነው?» አለኝ።

አላውቅም አልኩት። በረንዳው ላይ ወጥቼ ለአናጢው ያልመለስኩለትን ሰላምታ መለስኩለት።